የቱቦው ሌላ ጫፍ

ከእህትነት አልፈሽ እናት ለሆንሽልኝ፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ እሌኒ፣ ቢቸና ይድረስልኝ።

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ክረምቱ ሲገባ ይብስብሻልና ከወዲሁ በሙቅ ነገር ጠቅልለሽ ያዢው። ጋሽ ተክለወልድስ ሳሉ ለቀቃቸው ወይ? መቼም ሐኪም ቤት ሂዱ ቢባሉ እሺ ብለው ወደ እርሻ ነው የሚሄዱት። ካሱስ ፈተናውን እንዴት ተወጣው? እምዬስ? እምዬን መጨረሻ ላይ የጠየቅኩት ረስቼ እንዳይመስልሽ። ፈርቼ ነው።

እኔን ያልሽ እንደሆነ፣ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ደሴት ላይ ታግቼ ነው የምጽፍልሽ። ደህና አይደለሁም እንዳልልሽ ደግሞ ሆዴም ወገቤም ጤና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደሴት ስልሽ ጣና እንዳይመስልሽ። እዚህ ገዳም የለ፣ ደወል የለ፣ ጸበል የለ። አባያ ሐይቅ መሐል ያለ፣ ድንጋይና እሾህ የበዛበት፣ ጥቂት ሰዎች ከፍየሎቻቸው ጋር የሚኖሩበት ጉብታ ነው። ውሃው እንደ ክረምት ጎርፍ ቀላ ያለ ነው። አርባ ምንጭ ካለው ቤቴ ደጃፍ ሆኜ ልጅ ወልጄ እስካሳድግ ድረስ በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ ግን አንድ ቀን መሐሉ ላይ ታግቼ ቤቴን ከዚያ ማዶ እፈልጋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እንዴት እዚህ ገባሽ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ያመጣኝ ካሳ ነው፤ ሌላ ማን ያመጣኛል? ሁለት ቀን አድረን እንመለሳለን ብሎ ነው ያስነሳኝ። የያዝኩት ዳቦ አለቀ፣ በሶው አለቀ፣ የደም ግፊት ክኒኔም ወደ ማለቁ ነው። ያሻገረን ኤርጫፎ የሚባል የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ላንቴ በሚባለው መንደር የሙዝ እርሻ ያለው፣ ሞተር ጀልባም ያለው፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። እኛን አውርዶ ሊመለስ ሲል የሞተሩ ካንዴላ ተቃጠለበት። ማዘር አታስቢ፣ ካንዴላ ገዝቼ ነገ ጠዋት እዚሁ ነኝ አለኝና ዓሣ ከሚጭኑ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ተነሣ። ይህ ሐይቅ ጠዋት ጠዋት እንደ በግ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነው ጸባዩ የሚለወጠው። አሁን ግን ጠዋቱንም ረስቶታል። የኤርጫፎ ጀልባ ዳር ላይ በገመድ ታስራ ትንገጫገጫለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አያታለሁ። እግሬን ልታጠብ ብል አዞ አለ ይሉኛል። ወደ ላይ ልውጣ ብል እሾህ ነው።

የላክሽልኝ ደብዳቤ ከቤት ልንነሳ ስንል ነው የደረሰኝ። ይዤው መጥቻለሁ። ብዙ ጊዜ ገልጬ ስላጠፍኩት መታጠፊያው ሊቀደድ ነው። የእምዬ ዓይን ጨርሶ መጥፋቱን ሳነብ ያው ጠብቄው የነበረ ነገር ነውና ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ልትጠይቃት የምትገባውን ሴት ሁሉ እጅሽን ስጪኝ እያለች፣ መዳፉን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ ይቺስ ወለቴ አይደለችም ብላ መልሳ ታስቀምጠዋለች ያልሽኝን። ለእንቁጣጣሽ ካልደረስሽ ከዚያ በኋላ ብትመጪም ለእኛ ነው እንጂ ለእሷ አይሆንም ብለሽ ጽፈሻል። መራር ነገር ነው የጻፍሽልኝ፤ ግን እውነትሽን ነው፤ አልተቀየምኩሽም።

ለምን እስካሁን አልመጣሽም ብትዪኝ መልሱን ታውቂዋለሽ። ካሳ መምህር ሆኖ ወደዚህ ሲመደብ እኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። አባባ ፊት ቆሞ አብረን ሄደን አብረን እንመለሳለን ብሎ ቃል ሰጠ። እኔም ይህን ቃል እንደ ታቦት ይዤው ኖርኩ። እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ አማርኛ እያስተማርን እዚሁ አረጀን። ለአባባ ተዝካር ብቅ ብዬ ስመለስ እንኳ፣ ቀጥሎ ጠቅልለን ነው የምንመጣው ብዬሽ ነበር። ጡረታ ወጣን። ልጃችን ሽመክት አዲስ አበባ ሥራ ያዘ። ሻንጣውን ከቆጡ አወረድኩት። በዚህ መሐል ካሳ መስመር አገኘ።

መስመሩን ላስረዳሽ፤ ካላስረዳሁሽ የመታሰሬ ነገር አይገባሽም። የጠላ ጋን አስቢ። ጠላው ጎድሎ ብዙ ቀን አንድ ቦታ ላይ ከቆመ፣ በጋኑ ውስጠኛ ግድግዳ ዙሪያውን የዝቃጭ መስመር ይተዋል አይደለም? ጠላው ካለቀ በኋላ መስመሩን አይተሽ እስከዚህ ነበር ትያለሽ። ሐይቅም እንደዚያው ነው አለኝ ካሳ። በጥንት ዘመን አባያ ከዛሬው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ውሃው አንድ ቦታ ላይ ረጅም ዘመን ሲቆም ማዕበሉ የደሴቲቱን ድንጋይ እየላገ እንደ ደረጃ ይቆርጠዋል፤ ጠጠሩን ያሞለሙለዋል፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይከምርበታል። ከዚያ ውሃው ይሸሻል፣ ደረጃው ይቀራል። እስከዚህ ድረስ እኔም ገባኝ፤ ደስም አለኝ።

ሁለተኛው ነገር ነው ጉዱ። ያ ባዶ ጋን ቢያጋድል መስመሩም አብሮት ያጋድላል። ውሃ ግን በሕይወቱ አጋድሎ ቆሞ አያውቅም። እንግዲህ የደሴቲቱን የድሮ ዳርቻ ዞረሽ ስትለኪው በአንዱ ወገን ከፍ፣ በሌላው ወገን ዝቅ ብሎ ካገኘሽው፣ የተንቀሳቀሰው ውሃው ሳይሆን መሬቱ ነው ማለት ነው። እኛ የምንኖርበት ይህ ስምጥ ሸለቆ ዝም ብሎ የተኛ እንዳይመስልሽ፤ ከሥር ይሰነጠቃል፣ ይሰጥማል፣ ይነሳል። አንዳንድ ጊዜ ሳህን እስኪንቀጫቀጭ ይነግረናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳይናገር ነው የሚሄደው። ካሳ ይህን ሲያወራ ፊቱን ብታዪው የሠርጉ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልሆነም።

መለኪያው ደግሞ ምን መሰለሽ? ግንበኞች የመሠረት ልክ የሚያዩበት፣ ውሃ የተሞላ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ነው። ውስጡ ይታያል፤ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚቆመው። አንዱን ጫፍ አንድ ሰው በበትር ላይ ይይዛል፤ ሌላውን ሌላ ሰው። ውሃው ሲረጋ ልክ! ብለሽ ትጮሂያለሽ፤ ማዶ ያለው ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን አልፎ ይሄዳል። እንዲህ እያሉ ደሴቲቱን መዞር ነው። ውሃው እስኪረጋ እጅሽን ማንሳት አይፈቀድልሽም፤ ካነሳሽ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ነው። ለካሳ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል እንግዲህ፤ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ይዤ ፀሐይ ላይ የቆምኩትን ያህል ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቢሆን ኖሮ ጸድቄ ነበር።

ቢሆንም በዓመቱ ሥራው አለቀ። ነጩ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በምሥራቁ ወገን ከምዕራቡ ይልቅ ብዙ ከፍ ብሎ ተገኘ። ደሴቲቱ አጋድላለች ማለት ነው። ካሳ ያስተማረው አለምሰገድ የሚባል ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኗል፤ ነገሩን ሰምቶ ጋሼ፣ በሰኔ መጨረሻ ስብሰባ አለን፣ መጥተው ያቅርቡልን አለው። ካሳም በራሱ አፍ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ወለቴ ይህን ካቀረብኩ ነሐሴ ላይ ጠቅልለን እንሄዳለን አለኝ። ለእንቁጣጣሽ እምዬ ቤት ልንደርስ ማለት ነው። ወደዚህ ደሴት የመጣነው አንድ ሁለት ቦታ ለመጨረሻ ጊዜ አይተን ለመመለስ ብቻ ነበር። እንግዲህ ቀረኝ የምለው ዝም ብሎ ቱቦ መያዝ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለምጄዋለሁ።

ነፋሱ ሲያግተን ያሳደረችን ሻሺቱ የምትባል የደሴቲቱ ሴት ናት። የእኔ ዕድሜ እኩያ ትሆናለች። አማርኛዋን ገበያ ላይ ነው የለመደችው፤ አንዴ አንቺ ትለኛለች፣ አንዴ አንተ፤ እኔም የአስተማሪነት ልማዴ ሆኖ ላርማት እልና ጎርሼ የተቀመጥኩት የሷን እንጀራ ነው ብዬ እተወዋለሁ። እንጀራ አልኩሽ እንጂ የበቆሎ ድብልብል በሽፈራው ቅጠል ነው፤ እነሱ ሀለኮ ይሉታል። ካሳ ሲወደው አትጠይቂኝ። ሁለታችንም በቋንቋ ስላልጠገብን በሥራ እንግባባ ብዬ አንድ ጠዋት ተከትያት ወጣሁ።

ሻሺቱና ጎረቤቶቿ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው፣ ውሃው የተወውን ጭቃ በቅርጫት እየዛቁ፣ ወደ ምሥራቁ ተዳፋት ተሸክመው ያወጡታል። እዚያ በድንጋይ እየካቡ የሠሩት እርከን አለ። የደሴቲቱ መሬት ቋጥኝ ስለሆነ አፈሩን ከታች ካላመጡለት በቆሎ አያበቅልም። ቅድመ አያቶቻችንም እንዲሁ ነው የሠሩት ስትል ወደ ላይ፣ አሁን ማንም ወደማያርሰው የፈረሰ ካብ እጇን ዘረጋች። እኔም ጎንበስ ብዬ ላግዛት ከቅርጫቱ አፈር ሳፍስ ጣቴ መሐል ምን ገባ መሰለሽ? ያቺ ነጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት። አንድ ሁለት አይደለችም፤ ጭቃው ሁሉ እሷው ነው።

እትዬ፣ አትሳቂብኝ። ያ ካሳ በምሥራቁ ወገን ከፍ ብሎ ያገኘው፣ የጥንት ዳርቻ ነው ብሎ የለካው፣ ማዕበል የከመረው አልነበረም። ሴቶች በጀርባቸው ያወጡት ነው። የለካነው የፈረሰ ማሳ ነው። እኔ ራሴ ቱቦውን ይዤ ካቡ ላይ ተቀምጬ ልክ! ስል ከርሜያለሁ፤ ካቡን ካብ ብዬ አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩትን ለማንም አልመኝም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ዝም ብል፣ ነፋሱ ቆሞ እንሻገራለን፤ ካሳ ያቀርባል፤ ያጨበጭቡለታል፤ ነሐሴ ላይ ሻንጣችንን እናነሳለን፤ የእምዬ እጅ እጄ ላይ ይሆናል። ብናገር ደግሞ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ ይህን የመሰለ ሽማግሌ በጡረታው ዘመን ደክሞ ያገኘውን ነገር በአንድ ጭብጥ ጭቃ ላፈርስበት ነው። ልቡ እንደሚያመው ደግሞ ታውቂያለሽ። በየትም ብል መውጫ የለውም። ጠበበኝ። ወደ ሐይቁ ዞር ብል ውሃ ነው፤ ወደ ካሳ ዞር ብል በደስታ እያፏጨ ቱቦውን ይጠቀልላል። ሻሺቱ ፊቴን አይታ ሆዱን አመመህ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

እስከ ማግስቱ ቻልኩት። በማግስቱ ካሳ ለስብሰባው የሚናገረውን ለእኔ ሊያሰማኝ ድንጋይ ላይ ቆመ። ክቡራትና ክቡራን ብሎ ጀመረ፤ ፊቱ ያለነው እኔና ሁለት ፍየሎች ነን። እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ይህ ቅርፊት እንደሚመሰክረው ሲል አላስቻለኝም። ቅርፊቱ ሐሰተኛ ምስክር ነው አልኩት። እጁን ይዤ ወስጄ ቅርጫቱን፣ ጭቃውን፣ ካቡን አሳየሁት። እያለቀስኩ ነው ያሳየሁት። አሁን ይወድቅብኛል ብዬ ክንዱን ጥብቅ አድርጌ ይዤዋለሁ።

ካሳ ጭቃውን ዳሰሰው። ቅርፊቷን አውጥቶ በመሐረቡ ጠረጋት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ በርቷል። እየተሳለቅኩ አይደለም እትዬ፤ እንደ ሕፃን ፊት ነው የበራው። እንደገና መለካት አለብን ማለት ነው አለኝ። የሚቀጥለው ዓመት ያስፈልገናል ማለት ነው አለ። በድምፁ ውስጥ ሐዘን ፈልጌ አጣሁ። የተፈረደበት ሰው ምሕረት ሲነገረው የሚያሳየውን ፊት ነው ያየሁት።

ያኔ ገባኝ። ይህ ሰው ወደ ጎጃም መመለስ አይፈልግም። ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከጥንቱም አልፈለገም። መስመሩንም የወደደው መስመር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ማለቂያ ስለሌለው ነው። እኔ ልቡ እንዳይሰበር ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስሠቃይ ያደርኩለት ሰው እኔ የማዝንበት ነገር ለእሱ ብሥራት ሆነለት። ምን ያህል እንደተናደድኩ ልነግርሽ አልችልም። ቤቴ ቢሆን በሩን ወርውሬ ወደ ጎረቤት እሄድ ነበር። እዚህ ወዴት እሄዳለሁ? አኩርፌ ደሴቲቱን ብዞር መልሼ የማገኘው እሱኑ ነው።

ኩርፊያዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን አዘንኩለት። የትውልድ አገሩ ደምበጫ ማን አለው? ወንድሞቹ አልቀዋል፤ የአባቱ ቦታ ላይ የማያውቀው ሰው ቤት ሠርቶበታል። እዚህ ግን ሲገባ ሲወጣ ዳኛውም ነርሱም ዓሣ ሻጩም ጋሼ እያለ ከመንገድ ማዶ ይመጣለታል። ገበያ ውስጥ ሰላምታ ሳይሰጠው የሚያልፍ ሰው የለም። ይህን ትቶ ሄዶ ማንም የማያውቀው ሽማግሌ ይሁን? ቃል የሰጠው ግን ለአባባ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ለእኔ። በቃሉ ታስሮ፣ ቃሉን አላፈርስም ብሎ፣ እሱም ገመዱን ሲያረዝም ነው የኖረው። እኔ ብቻ የታሰርኩ መስሎኝ ነበር።

ነፋሱ ስላልቆመ ሌላ ሥራም ስለሌለን እንደገና ለካን። አኩርፌ ነው የያዝኩለት፤ ልክ! የምለውን እንኳ በቁጣ ነበር የምለው። በዚህኛው ጊዜ ካሳ ቅርፊት የሚባል ነገር አላየም። ድንጋዩ ላይ ራሱ የተቆረጠውን ደረጃ፣ ውሃው ቋጥኙ ላይ አጣብቆ ያደረቀውን ኖራ የመሰለ ነጭ ቅብ ብቻ ነው የተከተለው። እሱን ማንም በቅርጫት አያወጣውም። ከፈረሱት ማሳዎች በታች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ዙሪያውን ሲሄድ አገኘነው። ገና ለሙከራ ያህል ነው የዞርነው፤ ሲያልቅ ምን ሆነ መሰለሽ? ምሥራቁ ከፍ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ደሴቲቱስ በእርግጥ አጋድላለች፤ ግን እኛ ካልነው በተቃራኒው ወገን ነው። ካሳ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ይህ ሁሉ መሬት ሲያጋድል ላዩ ላይ ያለው ሰው አንዱም ቀና ብዬ አልቆምኩም አላለም፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር የሚመስለው አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው፤ ለራሱ ነው። እኔ ግን ገባኝ።

እስኪ አሁን አንቺ የምትጠይቂኝን ልመልስልሽ። ለምን ነገርሽው ትዪኛለሽ። ዝም ብትዪ ኖሮ ትመጪ ነበር ትዪኛለሽ። ለካሳ ክብር ብዬ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ከዚህ ደሴት በቀር የትም ብሆን የማልጽፈው ነው፤ እዚህ መሸሺያ ስለሌለኝ ልጻፈው። እፈራለሁ እትዬ። እምዬ መዳፌን ዳስሳ ይቺስ ወለቴ አይደለችም ብትለኝስ? እሷ የምታውቀው መዳፍ ያኔ ቢቸና ሲፈጭ ሲያጭድ የኖረውን ነው። ይህኛው የጠመኔና የሙቀት አገር መዳፍ ነው፤ አሁን ደግሞ እሾህ ወግቶት አብጧል። ሳልመጣ እስከቀረሁ ድረስ የምትጠብቀኝ ልጇ ነኝ። መጥቼ ካላወቀችኝ ግን ምን ልባል ነው? ለካስ እኔም እንደ ካሳ ነበርኩ። ሥራው አለቀ ሲባል እሱ ብቻ አልደነገጠም።

ዛሬ ኩርፊያውን ትቼ ተቀመጥኩና ተነጋገርን። በሕይወታችን እንደዚህ ተነጋግረን አናውቅም። አትሂድ፣ ቃልህን መልሼልሃለሁ፣ አባባም ቢኖር ይመልስልህ ነበር አልኩት። እኔ ግን እሄዳለሁ፣ ብቻዬን፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ አልኩት። ከዚያ የጠየቀኝ ነገር የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው፤ ጫፉን ማን ይይዝልኛል አለኝ። በትር ላይ እሰረው አልኩት። ልክ የሚለኝስ ማን ነው አለኝ። ራስህ ተመላልሰህ እየው አልኩት። ያዘገያል አለ። ይዘግይ፣ መሬቱስ መች ቸኮለ አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን ጠረገ፤ ከዚያ ሄዶ አንድ በትር እየጠረበ መጣ። አሁን ቱቦውን እዚያ ላይ ሲያስር እያየሁት ነው የምጽፍልሽ። አስተሳሰሩን አልወደድኩትም፤ ላጠብቅለት ብዬ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ነፋሱ ግን አልቆመም። ወስኜ ተነሥቼ እንኳ የምሄድበት የለኝም፤ ሻሺቱ ሐይቁን አይታ ገና ነው ትላለች። ነገ ማለዳ ከደሴቲቱ ሰዎች አንዱ በቀላል እንጨት ታንኳው ዳር ዳሩን ይዞ ሊሞክር ነው። እኔ ልሳፈርበት ብል ካሳም ሻሺቱም በአንድ አፍ ጮኹብኝ፤ ታንኳዋ አንድ ሰውና ጥቂት ዓሣ ብቻ ነው የምትችለው። ስለዚህ ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከእኔ አስቀድሜ እልከዋለሁ። ከእኔ በፊት ከደረሰ፣ መንገድ ላይ ነኝ። ከእኔ ጋር እኩል ከደረሰ አብረን እናነበዋለን፤ በሆነ ባልሆነው ትስቂብኛለሽ።

የጋሽ ተክለወልድን ጉልበት ስሜ ሰላም ብያለሁ በይልኝ፤ ለሳላቸው የሽፈራው ቅጠል አድርቄ እይዝላቸዋለሁ፤ መራራ ነው ብለው እንዳይተፉት። ካሱን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ያጋደለ ደሴት ያየች አክስት እንዳለችው ለጓደኞቹ ይንገር። ጎረቤቶቻችንን፣ የሚያውቁኝን ሁሉ፣ የሞቱትንም ቢሆን በየመቃብራቸው ስታልፊ ሰላም በይልኝ። ካሳ እጅ ነስቷል፤ ይቅር በሉኝ ብሎሻል፤ ከዚያ በላይ ሊያስጽፈኝ ፈልጎ ቃል አጣ።

ለእምዬ ግን እንደምመጣ አትንገሪያት። እንደ ማንኛዋም ጠያቂ ገብቼ አጠገቧ ልቀመጥ። እጅሽን ስጪኝ ስትለኝ እሰጣታለሁ። ካላወቀችኝም ወለቴ ነኝ ብለሽ አትጮሂ፤ ተይን። መዳፌን መልሳ ብታስቀምጠው መልሼ እሰጣታለሁ። ውሃው እስኪረጋ ድረስ እጅ አይነሳም፤ ይህን በደንብ ተምሬዋለሁ።

እህትሽ ወለቴ

ከአባያ ሐይቅ ደሴት፣ ከአርባ ምንጭ ማዶ
ሰኔ 9 ቀን 1998 ዓ.ም.